የጋሽ ኑሬ አረንጓዴ እሳት

ሌላው ሰው ሕልም የሚያየው ጋደም ብሎ ነው፤ ጋሽ ኑሬ ግን ቁጭ ብለው ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ ናይሮቢ ከተማ፣ ኢስትሊ ሰፈር የሚኖሩበትን ፎቅ ደረጃ እያረፉ ይወጡና ጣራው ላይ፣ ከውሃ ታንከሮቹ ጎን፣ በግማሽ በርሜል ሽቦ ያነዳሉ። ታች ባለው ሱቃቸው አሮጌ ስልክ፣ የሞተ ቴሌቪዥንና የተበላሸ ቻርጀር ይገዛሉ። የሚጠገነውን ይጠግናሉ፤ የማይጠገነውን ፈታተው ሽቦውን ይሰበስባሉ፤ ፕላስቲኩን አቃጥለው መዳቡን ይሸጣሉ። የሞያሌ ልጅ፣ ነጋዴ የነጋዴ ልጅ ናቸውና ዕቃ ሲጣል ማየት አይሆንላቸውም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ጣራ ላይ የሚያወጣቸው መዳቡ ብቻ አልነበረም። ሽቦ ሲነድ ነበልባሉ አረንጓዴ ይሆናል። ጋሽ ኑሬ ያን ቀለም ሲያዩ ከሦስት ዓመት በፊት የሞተችባቸው ባለቤታቸው የኩለሱም አረንጓዴ ሻሽ ትዝ ይላቸዋል። ከታች ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ከላይ ጭልፊቱ ይዞራል፤ እሳቸው ግን እዚያ የሉም። ሞያሌ ናቸው። ኩለሱም በሩን ይዛ፣ እንደ ልማዷ እየቀለደች፣ «ትገባለህ ወይስ ልዝጋው?» ትላቸዋለች።

አንድ ዕለት ከዚህ ሕልም የቀሰቀሳቸው የሰው ሳል ነበር። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሜሮን፣ የታጠበ አንሶላ ልታወርድ ወጥታ ጭሱ ተቀበላት። ይህች ልጅ ናይሮቢ ተወልዳ፣ ናይሮቢ ተምራ፣ አሮጌ ኤሌክትሮኒክስ እየፈታ በየዓይነቱ በሚለይ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ናት።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ኑሬ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ሥራ የለም እንዴ ልጄ?»

«ኦፍ ነኝ» አለችና አንሶላውን ዘረጋችላቸው። ነጩ ጨርቅ ጥላሸት ጠጥቷል።

«ፖሌ፣ ይቅርታ ልጄ! ንፋሱ ዞሮብኝ ነው።»

«አንሶላውስ ይታጠባል። የእርስዎን ሳንባ ማን ያጥበዋል?»

«ይሄ ነዋ!» አሉ ከጎናቸው ያለውን የወተት ፓኬት አንስተው። «አንድጄ ስጨርስ አንድ ማዚዋ ግጥም አደርጋለሁ። ወተት መርዝ ጠራጊ ነው፤ የዚህ ሥራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ፣ ጭሱ የሚሄደው ወደ ሳንባ። የት ላይ ነው የሚገናኙት ጋሽ ኑሬ?»

ጋሽ ኑሬ ሳቁ። ተከራካሪ ሰው ይወዳሉ፤ ሱቃቸውም ውስጥ የማይከራከር ደንበኛ ይሰለቻቸዋል።

«ስሚኝ ልጄ፤ እናቴ ሰባታችንን ያሳደገችን በኩበት ጭስ ነው። አንዳችንም በጭስ አልሞትንም።»

«ኩበት ሣር ነው። ከብት ጋጠው፣ ከብት ጣለው። ይሄኛው ፕላስቲክ ነው፤ ሲቃጠል የሚወጣውን መርዝ ሰውነት አያውቀውም፣ ለማስወጣትም መንገድ የለውም።»

«ቢሆንስ? ጭሱ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። የአላህ ሰማይ ሰፊ ነው።»

«ወደ ላይ የሄደው ተመልሶ ይወርዳል። የታንከሩ ክዳን ከተሰነጠቀ ስንት ጊዜው ነው? ፎቁ በሙሉ የሚጠጣው ከሱ ነው።»

ሽማግሌው ክዳኑን አላዩትም፤ መሰንጠቁን ያውቁታላ። ወዲያው ግን ሌላ ምሽግ ያዙ።

«ታዲያ ልጣለው? ማባከን ሐራም ነው፤ ለእናንተም ኃጢአት ነው።»

«ማን ይጣል አለ? እኛ ጋ ሽቦውን በማሽን ነው የምንልጠው። መዳቡ ሳይጠቁር ይወጣል፣ ገዢውም ያልጠቆረውን ነው የሚመርጠው። ባትሪው ለብቻ፣ ስክሪኑ ለብቻ ይሄዳል። ጋሽ ኑሬ፣ ኦነስትሊ፣ የሚባክነው እኮ አሁን የሚነደው ነው።»

ይህኛው ነገር ነጋዴውን ነካቸው። ቢሆንም እሳቱን አዩና ሌላ ሽቦ ጨመሩበት። ሻሹን ለዚህች ልጅ እንዴት አድርገው ይንገሯት? ሰው አንዳንዴ የሚሟገተው ስላመነበት ሳይሆን ልቡ የተንጠለጠለበትን ገመድ እንዳይቆርጡበት ነው።

ሜሮንም ነገሩ እልህ መስሏት ገፋችበት። «እርስዎ አሮጌ ስልክ ሲሸጡ "ባትሪው ይደክማል፣ ካሜራው ተጭሯል" ብለው እንከኑን ሳይናገሩ አይሸጡም። እማዬ ሁሌ ታነሳዎታለች። የዚህን ጭስ እንከን ግን ለማን ነገሩ?»

«ጭስ አልሸጥኩም!» አሉ ጋሽ ኑሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«አልሸጡም። በነፃ ነው የሰጡን።»

በዚህ መሐል ልጃቸው ሰዲቃ ቆርቆሮ ጣሳ ይዛ፣ የደረጃውን ብረት እየተደገፈች ብቅ አለች። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ሞያሌ ይነግዳል፤ እሷ አባቷ ጋ ልትወልድ ተቀምጣለች። አምናም እንዲሁ መጥታ አንድ ፅንስ እዚሁ ፎቅ ላይ ወርዶባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ አብሯት አልቅሷል።

«አባ፣ የትናንቱ አመድ በርዷል? ድስቱ ጠቁሮብኛል።»

በእኛ አገር አመድ ማለት የድስት ሳሙና ነው። እናት ለልጇ ያስተማረችው፣ ልጅም ሳትጠይቅ የተቀበለችው ጥበብ ነው፤ የምድጃ አመድ እስከሆነ ድረስም ነውር የለበትም። ሜሮን ግን አንሶላዋን መሬት ላይ ለቀቀችው።

«ሰዲቃዬ፣ በዚህ አመድ ነው ድስት የምታጥቢው?»

«ሁሌም ነዋ። ወርቅ ነው የሚያስመስለው።»

«እሳት ካየው ምን ለየው!» አሉ አባትየው በኩራት። «እሳት የበላው ነገር ንጹሕ ነው።»

ሜሮን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ኑሬ፣ የእንጨት አመድ ልክ ነዎት። ሽቦው ውስጥ ግን እርሳስ አለ፤ ጥይት የሚሠራበት ብረት። እሱ ተቃጥሎ አይጠፋም፣ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ከድስቱ ወደ ወጡ፣ ከወጡ ወደ ሰዲቃ፣ ከሰዲቃ ወደ ልጁ ይሄዳል። ሲወለድ ምንም ላይታይበት ይችላል። ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፣ ጓደኞቹ የገባቸው ለእሱ ሳይገባው ሲቀር የሚታወቀው። እማዬ ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ትላለች።»

ሰዲቃ ጣሳውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች፤ ከዚያ ቀሚሷን አየችና እጇን ራቅ አድርጋ ያዘች።

ጋሽ ኑሬ የሰዲቃን ሆድ አዩ። በመጨረሻ፣ «ያለፈውስ?» አሉ።

ሜሮን ስለ የትኛው እንደሚጠይቁ ገባት። ማባበል ትችል ነበር፤ ማስፈራራትም ትችል ነበር።

«አላውቅም ጋሽ ኑሬ። ሐኪሞች እርሳስ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል ይላሉ። ያኛው በዚህ ነው የወረደው ብል ግን ውሸታም እሆናለሁ።»

ይህ ሐቀኛ መልስ ከክርክሩ ሁሉ የበለጠ ወጋቸው። እንከኑን የማይደብቅ ሰው ሲያጋጥማቸው ይለዩታል። ልባቸው በሐዘን ተሞላ፤ ልጃቸውንም ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። የውሃውን ጀሪካን ብድግ አድርገው ወደ በርሜሉ ዞሩ።

«በውሃ አይሆንም!» አለች ሜሮን። «አመዱ በቱቦው ወንዝ ይገባል፤ በወንዙ የሚያድገውን ሱኩማ ጎመን ደግሞ እኛው ነን የምንበላው። በቆርቆሮ ይክደኑት፤ ሲበርድ አሽገን እኔ እወስደዋለሁ።»

ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው አነሱ። ነበልባሉ ለመጨረሻ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ተወዛወዘ፤ ኩለሱም በሩን ይዛ ቆማለች፣ ከኋላዋ የሞያሌ ፀሐይ አለ። «ዝጊው» አሏት በልባቸው። ስትስቅ የሰሟት መሰላቸው። ከዚያ ከደኑት።

በማግስቱ ሰዲቃን ራሳቸው ክሊኒክ ወሰዷት። ደሟ ውስጥ ያለው እርሳስ መጠኑ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሟ ግን ምንጩ ከቆመ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ እስክትወልድም ክትትል እንደማይቋረጥ ነገረቻት። ድስቶቹ ተለወጡ፤ ታንከሩ ታጥቦ አዲስ ክዳን ገባለት። ጋሽ ኑሬ ሽቦውን ለሜሮን ድርጅት ማስረከብ ከጀመሩ ወዲህ የሚያገኙት አልጎደለም፤ በየሌሊቱ ይይዛቸው የነበረው ሳል ቀለለ፣ የጎረቤት አንሶላም ነጭ ሆኖ ይደርቃል። አንባቢ ሆይ፣ ያረጀ ስልክህ በመሳቢያህ ውስጥ ካለ፣ የሚሄድበትን መንገድ ጠይቅለት፤ ከቤትህ ስለወጣ ከሕይወትህ የወጣ አይምሰልህ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የሰዲቃ ክፍል እንደገና በጭስ ታፈነ። ጋሽ ኑሬ በመስኮት ቢያዩ ከማዶው ፎቅ ጣራ ላይ የሚነሳ ነው። እንደ እሳቸው አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ጓንጉል ሽቦ እያነደደ ነበር። መንገዱን ተሻገሩ፤ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጡ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ፊቱ ቆሙ።

«ጓንጉል፣ ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። የምትተነፍሰው ያንተን ጭስ ነው።»

«አይ ጋሽ ኑሬ! እርስዎም እኮ በቅርቡ ሲያነዱ ነበር።»

«ነበርኩ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ጓንጉል ፊታቸውን አየ፤ ሊስቅ የነበረውን ሳቅ ዋጠው። የተቀመጠበትን ዱካ ለቀቀላቸውና፣ «እሺ፣ አረፍ ይበሉና ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለ።

ጋሽ ኑሬ አልተቀመጡም።

«መጀመሪያ እሱን አጥፋው» አሉ።