ዘሩ ነው ወይስ ውሃው?

እናንተ የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች፣ ጥቁር መነጽር አድርጋችሁ ከኋላ የቆማችሁ፣ ለእናንተ ነው የምናገረው። የተከበሩ እናቷ፣ ወንድሞቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ እናንተ ይቅርታ አድርጉልኝ። የዚህች የምንቀብራት የዓሣ ተመራማሪ ጀልባ ነጂ ነበርኩ፤ እህቴ ነበር የምላት። ዛሬ ቃል ማሳመር አልችልም።

እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ጠየቀች። የትልቁ ወንዝ ዓሣ ለምን ገና በጫጩትነቱ ይቀጭጫል? ዘሩ ነው ወይስ ውሃው? ዘሩ ከሆነ ማንንም አንወቅስም። ውሃው ከሆነ ግን፣ ከግድቡ ሥር የሚለቀቀው ያ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ከሆነ፣ የሚጠየቅ ሰው አለ።

እንዴት እንደምትሠራ ታውቃላችሁ? ከትልቁም፣ ግድብ ከሌለበት ከትንሹም ወንዝ የዓሣ እንቁላል ታመጣለች። ግማሹን በገዛ ውሃው፣ ግማሹን በሌላው ውሃ ታሳድጋለች። አራት ገንዳ። "ሥራሽ ልጅ መቀያየር ነው እንዴ?" አልኳት። "አዎ" አለችኝ፣ "ከእናቱ ያመጣውንና ካደገበት ቤት ያገኘውን ሌላ በምን ትለየዋለህ?"

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃችን "ዘሩ ነው፤ አጭር ያው አጭር ይወልዳል" አሉ። እሷ ረጋ ብላ፣ "አባትዎን አይቻቸዋለሁ፤ እርስዎ በአንድ ክንድ ይበልጧቸዋል። ምን አብልተው አሳደጉዎት?" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አለቃችን አልሳቁም።

ከዚያ እንግዳ ይመጣል ተባለ። እኔና እሷ ወንዝ ላይ ነበርን። ስንመለስ ሦስቱ ገንዳ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ጫጩቶቹ በሙሉ አንዱ ውስጥ ተገልብጠዋል። ለእንግዳ ሞልቶ እንዲታይ። ከጥፍር የማይበልጡ፣ ገና የመለያ ምልክት እንኳ የማይደረግባቸው ነገሮች። የቱ የማን ልጅ እንደሆነ ማን ይለየው? "ማነው ያዘዘው?" አለች። አንዱ ብቻ፣ "ዶክተር፣ ዓሣው እንዳለ ነው፤ ምን ጎደለ?" አላት። እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ ቆመች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንደገና መጀመር ትችል ነበር አትበሉኝ። መሥሪያ ቤቱ ምን አደረገ? ዘሩ ደካማ ነው ብሎ ወሰነ። ሌላ ዘር በመኪና አምጥቶ ሁለቱም ወንዝ ውስጥ ደፋው። ተዳቀለ። የድሮው ዘር አሁን ከየት ይመጣል? ንገሩኝ፣ ከየት? ያመጣችሁትም ዓሣ ያው ቀጨጨ። አሁን ደግሞ "ከደካማው ጋር ስለተዳቀለ ነው" ትላላችሁ።

ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ስለ በሽታዋ አላወራችኝም። "ማን እንዳዘዘ ሰማህ?" አለችኝ። "አልሰማሁም" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዲህ ሆና ነው የሄደችው።

እህቴ፣ ደህና ሁኚ። ወንዙ ይስተካከላል ብዬ አልዋሽሽም። ዓሣሽ አይመለስም። ጥያቄሽም አብሮሽ ይቀበራል።

አንዱን ግን እዚሁ እጠይቃለሁ። አለቃችን፣ አፈሩ ሳይመለስ፣ እናቷ ፊት፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱ። ገልብጡት ያለው ማነው?