አውቶቡሱ ሲያልፍ ዝም ያልን ሰዎች

እስቲ አንዴ ጆሮ ስጡኝ። አባባ ሶኮ፣ የጡረታ መሸኛዎ ቢሆንም፣ እርስዎም ያቺን የዶሮ እግር ለጊዜው ያስቀምጡልኝ።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ሙታሬ ከተማ፣ የእንጨት መሰንጠቂያችን በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። አንድ ጠዋት እርስዎ ከረባት አስረው፣ የብረት ዱላ ይዘው መጡ። «ወዴት ነው?» አልኩዎት። «ሥራ ልጀምር።» «ዱላውስ?» «ከሥራ በኋላ የምመታበት ነው።» «ማንን?» ስልዎት፣ «ኳስ» አሉኝ። ማን ያምናል? ሥራ አስኪያጁ ወጥተው እስኪያስገቡዎት አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆምኩዎት። የመጀመሪያ ቀን ያረፈዱት በእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አርፍደው አያውቁም።

አሁን ነገሩን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየዓመቱ የምንሄደው የኒያንጋ ተራራ የጎልፍ ጉዟችን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባባ ሶኮ ግን «ጡረተኛ በሠራተኛ ወንበር አይቀመጥም» ብለው ስማቸውን ከዝርዝሩ ሰርዘዋል። እኔ የቆምኩት ላመሰግናቸውም፣ ልሟገታቸውም ነው።

ያለ እሳቸው ጉዞው ምን ሊሆን ነው? ሁለት ወር ሲቀረው ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጥፉ እሳቸው ናቸው። መኪና ማንን ያቅለሸልሸዋል፣ ማን ያንኮራፋል፣ የማን ጉልበት ዳገት አይችልም፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። የእኔ ስም አጠገብ «ብርድ ልብስ ይረሳል» ይላል። ልክ ነው፣ እረሳለሁ። ሜዳው ላይ ደግሞ ዝንጀሮ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ድንጋይ ያነሳ ሰው ወዮለት። የጎሳቸው ምልክት ዝንጀሮ ነዋ! «ተው፣ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ሌላ ኳስ አውጣ» ይላሉ።

ጭጋግ የወረደበትን ዓመት ታስታውሳላችሁ። እንደ ልማዳቸው ገና ከመግባታችን አሰልፈው አስጠነቀቁን፦ «ይሄ ተራራ የማይታይ ባለቤት አለው። እንግዳ ነገር ብታዩ አትጠቁሙ፣ አታውሩ። ያወራ ይጠፋል።» እሺ አልን። ሦስተኛው የኳስ ጉድጓድ ላይ ስንደርስ አውቶቡሳችን፣ ሾፌር የለበትም፣ ጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያለ በፊታችን አለፈ። አሥራ አራት ሰው አየው። አሥራ አራት ሰው አቀርቅሮ ኳሱን መታ። ሾፌሩ ታውራይ ራሱ አጠገቤ ቆሞ ላቡ ይወርዳል፤ ትንፍሽ አላለም። አውቶቡሱ የጎልፍ ሜዳው አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሲቆም አባባ ሶኮ ጠጋ ብለው፣ «ታውራይ፣ የእጅ ፍሬን ስበሃል?» አሉት።

«አባባ፣ ማውራት ተፈቀደ እንዴ?»

«አሁን ተፈቅዷል።»

ከሰዓቱን ሙሉ አውቶቡስ ስንገፋ ዋልን።

እሺ፣ ሳቃችሁን ጨርሱ። አሁን የራሴን ልናገር። ጉዞውን በጀመሩበት ዓመት እኔን፣ ዘበኛውን፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር አጣመሩኝ። «አባባ፣ የጎልፍ ዱላ ይዤ አላውቅም፤ ሰው ይስቅብኛል» አልኳቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እሳቸውም አይችሉም። ሰው እንዳያይባቸው ነው ካንተ ጋር ያደረግኳቸው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ እኔና ሥራ አስኪያጁ ሣር ውስጥ ኳስ ስንፈልግ ዋልን። ስድስት ዓመት በር የከፈትኩላቸው ሰው፣ ያን ቀን «ስምህ ማነው?» አሉኝ። «ዚቫናይ» አልኩ። በወሩ ከበር ተነስቼ እንጨት መራጭ ሆንኩ። ሦስት ልጆች ያስተማርኩት በዚያ ሥራ ነው። አባባ፣ ይህንን እስከ ዛሬ በአፌ ነግሬዎት አላውቅም። አፍሬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ሙግቴ ይኸው። ትናንት እርስዎ ከወጡ በኋላ አሥራ አራታችንም ግድግዳው ጋ ሄደን ስማችንን ሰረዝን። ታውራይም ሰርዟል፤ የሚነዳው እሱ ነው እንግዲህ። አሁን ወደ ኒያንጋ የሚሄድ ማንም የለም። ሳህንዎ አጠገብ ያለው አዲስ ወረቀት ነው፣ እስክሪብቶም አለ። ከላይ የሚጻፈው የመጀመሪያ ስም የእርስዎ ካልሆነ ሌላው አይጻፍም።

ብርጭቆ አንሱ። ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት፤ ጉልበትዎን ያጽናልን፤ ቤትዎ ሰው አይጉደልበት። ቆይ፣ ማንም እንዳይጠጣ! አባባ፣ ቢራው ይሙቅ ግድ የለም፤ ጽፈው እስኪጨርሱ ቆመን እንጠብቃለን።