ሮም ማን አለን?

እኔና ጓደኛዬ ታዬ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረን፣ ጣሊያን ጥሎ በሄዳት የአጎቴ መኪና አውሮፓን ልንዞር ቆረጥን። ነቀምቴ ቤታቸው ካርታ ዘርግተን አጎቴን ኦቦ ዲንሳን ፈቃድ ጠየቅን።

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሮም ማን አለን?” አሉኝ።

“ማንም።”

“እለፏት። ፓሪስስ?”

“ሆቴል እናድራለን።”

“ዘመድ እንደሌለው ሰው ሆቴል? ጃንሆይ እንኳ ባሕር ማዶ ሲሄዱ ንጉሥ ይቀበላቸዋል፤ እናንተን ማን ሊቀበል?”

አውሮፓን አገር በአገር ሰረዙብን። የተረፈችን አክስቴ ያለችበት ጊምቢ ብቻ ሆነች፤ እሷም ካርታው ላይ የለችም!

መኪናዋን ዳገት ዳገቱን እየገፋን፣ ጭቃ ለብሰን ጊምቢ ገባን። የአክስቴ በር ተቆልፏል። ጎረቤቷ ሳቋ እያመለጣት፣ “እናንተን ልትጠይቅ ጠዋት ነቀምቴ ሄደች” አለችን።

ታዲያ የት አደራችሁ አትሉኝም? ሆቴል!