ይህን የገጠመው ማን ነው?

ሲቀላ ሰፈር የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ጋሽ ዘካርያስ ኮምፒውተራቸው እየጋለ ሲጠፋባቸው እኔን ጠጋኙን አስጠሩኝ። ቪዲዮው ለእሁድ ለሙሽሮቹ መድረስ አለበት። ኮምፒውተሩን በሚዞር ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ ስፈታው አልሙኒየሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ፣ ተበሳስቶ አገኘሁት። እኔ ደግሞ ማስረዳት ስወድ! «ጋሼ፣ መዳብና አልሙኒየም አንድ ውሃ ውስጥ አይገናኙም፤ አልሙኒየሙ ይበላል። ይባስ ብሎ ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ እያለ የምንጭ ውሃ ተሞልቶበታል! ይህን የገጠመው ምን ዓይነት መሃይም ነው?»

«አንተ ነሃ!» አሉኝ። «አምና ስትገጥመውም እንዲሁ ግማሽ ቀን አስረድተኸኛል።»

«ጋሼ፣ ያኔ ከማጠናው መጽሐፍ እዚህ ምዕራፍ ላይ አልደረስኩም ነበር።»

«በል ዛሬውኑ ሁሉንም መዳብ አድርገው። አለዚያ ቪዲዮው ለእሁድ ሳይደርስ ሲቀር፣ እንደ አገራችን የእርቅ ወግ እርጥብ ሣር ይዘው ከሙሽራው አባት ጋር የሚያስታርቁህን ሽማግሌዎች ከአሁኑ ፈልግ!»