አንገቱን የደፋው ዲሽ

ቢቸና ከተማ ዳር፣ አቶ ይርዳው ግቢ፤ የዲሽ ሠራተኛው ስንሻው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዲሽ ምሰሶ ላይ አውጥቶ ያዞራል፣ አቶ ይርዳው በመስኮት ቴሌቪዥናቸውን እያዩ ይቆጡታል።

ይርዳው፦ የተሰደብኩት አምና፣ በዳግማ ትንሣኤ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። የሰደበኝም ወንድይፍራው ነው፤ ያ ፊት ለፊት ደጁ ላይ የተጎለተው። ዲሼን ወደሱ አታዙር ስልህ አይገባህም?

ስንሻው፦ ጋሽ ይርዳው፣ ሳተላይቱ በእሳቸው ጣሪያ በኩል ነው። እኔ አላስቀመጥኩት።

ይርዳው፦ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?

ስንሻው፦ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ነግረውኛል።

ይርዳው፦ አራተኛውን ስማ። እድርተኛው ጨዋታ ሊያይ ቤቴን ሞልቶታል። ትንሿ ዲሼ ሲግናል አነሳትና ሥዕሉ ድርቅ አለ፤ ኳሷ አየር ላይ ቀረች። ይሄኔ ብድግ ብሎ «ኳሷ እስክትወርድ ቤቴ ሄጄ ልተኛ» አይል መሰለህ? ሁሉም እየሳቀ ተከትሎት ወጣ።

ስንሻው፦ እሳቸው እኮ ይሄኔ ረስተውታል።

ይርዳው፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዛሬም ሁሉንም ጠርቻለሁ፣ እሱን አስቀድሜ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨዋታው ጥርት ብሎ ካልታየ ካገር መሰደዴ ነው። በል ጀርባውን ስጠው።

ስንሻው፦ ሰጠሁት። ሲግናሉ ስንት ይላል?

ይርዳው፦ ዜሮ።

ስንሻው፦ ትንሽ ላዙረው። አሁንስ?

ይርዳው፦ ሃያ። እዚያው ተወው፣ እንደ ተኳረፈ ሰው በጎን ይየው።

ስንሻው፦ ደካማ ሲግናል ኩርፊያ አይችልም፣ ጋሼ። ፊት ለፊት ካልተቀበሉት አይመጣም።

ይርዳው፦ እሺ አዙረው። ግን ደረቱን ነፍቶ፣ ቀና ብሎ።

ስንሻው፦ ሳተላይቱ ዝቅ ያለ ነው። አንገቱን መድፋት አለበት።

ይርዳው፦ ድፋው፣ ድፋው። ሃምሳ... ሰባ... መጣ። ሣሩ እንኳ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ኤዲያ፣ ነፋሱ ወዘወዘውና ጠፋ።

ስንሻው፦ ሲሚንቶው አልደረቀም። ያንን ድንጋይ ያቀብሉኝ፣ ማጅራቱ ላይ ልሰርለት።

ይርዳው፦ እንካ። ሰማንያ። ንቅንቅ የለ። አሁን ይምጣና ይተኛ።

ስንሻው፦ አቶ ወንድይፍራው እየመጡ ነው መሰል፤ ተነሡ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለዋል።

ይርዳው፦ ቅናት ነው ያስነሣው። ምን ይላል?

ስንሻው፦ «እሱ ቢያፍር ዲሹን ድንጋይ አሸክሞ ደጄ ላይ አንገት አስደፋልኝ፤ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አውርዱለት» እያሉ ነው። ላውርደው? ሲግናሉ ይጠፋል። ጋሽ ይርዳው፣ በጓሮ ወዴት እየሄዱ ነው? ሰዎቹ እኮ ገቡ።