«ታጋይ» ያሉት ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚኒባስ ስንሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጡት አባ ይመር ስለ አንድ ሰው ያወሩልኝ ነበር። ሰውየው ጫካ ሳለ በመንደራቸው ሲያልፍ በሶ በጥብጠው አጠጥተውታል። «ታጋይ እንለው ነበር። ኋላ ወላሂ አገር ገዛ! ፎቶውን ቀበሌ ሰቀልን። ሲወድቅ ደግሞ አውርዱ ተባልን፤ ግድግዳው ላይ ቦታው ብቻ ነጥቶ ቀረ» እያሉኝ ሚኒባሱ ቆመ።

ጠመንጃ ያነገተ ወጣት በሩን ከፍቶ መታወቂያ ጠየቀ። አባ ይመር ደንግጠው ኪሳቸውን እየዳበሱ፣ «አብሽር ታጋይ፣ እየፈለግሁ ነው» አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ታጋይ የድሮዎቹ የጫካ ሰዎች ስም ነው፤ መንገዱን የያዙት የአሁኖቹ ታጣቂዎች በዚያ ስም የጠራቸውን ሁሉ የእነዚያ ወገን ነው ይላሉ።

«ማንን ነው ታጋይ የምትለው? ውረድ!»

ልናገርላቸው ፈለግሁ። እኔንም የሚያወርደኝ መስሎኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ልጄ፣ አፌ ለምዶ ነው» አሉ፣ አንድ እግራቸው መሬት ደርሷል። «ያኔ እንዳንተ ያለ ጠመንጃ የያዘ ጎበዝ በደጄ ሲያልፍ እንዲህ ብዬ ነበር የምጠራው።»

«እና ምን ሆነ?»

አባ ይመር እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ልጁን።

«አገር ገዛ።»

ልጁ ፈገግ አለ። «አገር ገዛ!» ብሎ ክንዳቸውን ደግፎ አስገባቸውና በሩን ራሱ ዘጋልን። መኪናው ሲነሳ አባ ይመር ጉልበቴን ጨበጡ።

«አደራ፣ የቀረውን ለማንም እንዳታወራ።»