በሽማግሌ የማይነሣ ክስ

አቶ አለነ ከዳባት መናኸሪያ ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ማንም አጠገባቸው እንዲቀመጥ አልፈለጉም ነበር። ጋቢያቸውን አጣጥፈው በጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አኖሩት። ነገር ግን መኪናው ሊነሣ ሲል ቦርሳ ያነገተች ወጣት ሴት ገባችና፣ «አባቴ፣ ይፈቅዱልኛል?» ብላ ቆመች። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ጭናቸው ሰብስበው አስቀመጧት።

ሰውየው ጭንቀት ይዟቸዋል። በደረት ኪሳቸው በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በየጊዜው እጃቸውን እየሰደዱ ይዳስሱታል። በሦስት ሽማግሌዎች ፊት የተጻፈ የዕርቅ ውል ነው። ወይዘሮ ገበያነሽ የምትባል ጎረቤታቸው «በልጄ ጉዳይ የቀረበው ክስ ይነሣልኝ፤ ታርቄያለሁ» ብላ የአውራ ጣቷን አሻራ አኑራበታለች። ተከሳሹ እንግዳው የሚባል የአቶ አለነ የክርስትና ልጅ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ደባርቅ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምስክር ይሰማል። አቶ አለነ ከዚያ በፊት ወረቀቱን ለዐቃቤ ሕጉ አስረክበው ነገሩን ሊያበርዱ ነው መንገድ የጀመሩት።

ግማሽ መንገድ እንደ ሄዱ ሚኒባሱ ቆመ። ገብስ የጫነ ከባድ መኪና ከፊታቸው ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። ጭጋጉ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖታል። ተሳፋሪው እየወረደ እግሩን ሲያፍታታ ወጣቷ ስልኳን አውጥታ ሞከረችና መልሳ ከተተችው።

«ኔትወርክ የለም» አለች። «ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበረኝ።»

ፍርድ ቤት የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቶ አለነ ዘወር ብለው አዩአት። «አንቺም ተከስሰሽ ነው፣ ልጄ?»

ወጣቷ ፈገግ አለች። «የለም አባቴ። ሠርካለም እባላለሁ፤ ሕግ ተምሬ ደባርቅ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነጻ ምክር እሰጣለሁ።»

 ሽማግሌው እግዜር ነው ያገናኘን በሚል ስሜት ወረቀቱን አውጥተው ዘረጉላት። «እንግዲያው ይህን እይልኝ። የጎደለው ነገር ካለ ንገሪኝ። ዐቃቤ ሕጉ እንዳይመልሰኝ።»

ሠርካለም ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

አቶ አለነ ተረኩላት። ፍቅርአዲስ የገበያነሽ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንግዳው ዐረብ አገር የቤት ሥራ አለ ብሎ በመተማ በኩል ሊያሻግራት ወሰዳት። አልተሻገረችም። መተማ ላይ በአንድ ሰው ቤት ተዘግቶባት አራት ወር ሙሉ ያለ ደመወዝ ስታገለግል፣ ስትደበደብ ቆየች። ፖሊስ ሲያወጣት የተሰበረው ቀኝ ክንዷ ጠምሞ ገጥሞ ነበር። እስካሁን እንስራ ማንሣት አትችልም።

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አንድ የዘለሉት ነገር ነበር። ገበያነሽ ልጇን ከመስጠቷ በፊት መጥታ ያማከረቻቸው እርሳቸውን ነበር፤ «እንግዳውን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፣ የሚታመን ልጅ ነው» ያሏትም እርሳቸው ነበሩ።

«አባቴ» አለች ሠርካለም ወረቀቱን በቀስታ እያጠፈች፣ «የጎደለው ነገር የለም። አጻጻፉ ጥሩ ነው። ግን ክሱን አያነሣም።»

«ከሳሿ ታረቀች እኮ። ሁለት ላም ከነጥጃቸው ሊሰጣት ነው።»

«ከሳሿ ወይዘሮ ገበያነሽ አይደለችም። እርሷ አቤት ያለች እናት ናት፤ የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ በሕዝብ ስም። ድንበር ቢገፋ፣ ከብት እህል ቢበላ በእናንተ ፊት ያልቃል። በሰው መነገድ ግን ታርቀው የሚተዉት ነገር አይደለም።»

«ልጅቷ ራሷ ፈቅዳ ነው የሄደች። ማንም አልጎተታትም።»

«ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። ተታልላ የሰጠችው ፈቃድ አይቆጠርም። ልጅ ስትሆን ደግሞ ጭራሽ። እናቷም ብትፈቅድ ያው ነው።»

አቶ አለነ በግዕዝ ዳዊት የደገሙ፣ በአገሩ ስንት ደም ያስታረቁ ሰው ናቸው። በአንዲት የከተማ ልጅ ቃል በቀላሉ አልተረቱም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ እርሷ ዞሩ።

«ስሚኝ፣ ልጄ። ስንት ዓመት ይፈርዱበታል?»

«የተበደለችው ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ከሆነች ከዐሥር ዓመት ይጀምራል፤ እስከ ሃያ ይሄዳል። ጽኑ እስራት ነው፤ የገንዘብ መቀጮም አለው። ሰው ሞቶበት ቢሆን ኖሮ ከዚያም በላይ ይከብዳል።»

«ዐሥር ዓመት» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ። «ሦስት ልጆች አሉት። እርሻውን ማን ያርሳል? ያች ልጅስ እርሱ ዐሥር ዓመት ቢታሰር ክንዷ ይቃናል? ደግሞ ይህን አስቢ፤ እርሱ ቢታሰር ወገኖቹ ገበያነሽን በክፉ ዐይን ያይዋታል፤ የእርሷ ወንድሞችም ዝም አይሉም። መሣሪያ በሌለበት ቤት አይደለም የምንኖር። እኔ ይህን ወረቀት የያዝሁ ደም እንዳይፈስ ብዬ ነው።»

 ሽማግሌው የተናገሩት ነገር ተራ ሰበብ እንዳልሆነ ሠርካለም ገብቷታል። ሰው ስለ ሰላም ብሎ ሲያደርግ የኖረውን ሽምግልና በመጽሐፍ ቃል ብቻ መንቀፍ ነውር መሰላት።

«ደሙን ማስቀረት የእርስዎ ሥራ ነው» አለች። «ይህን ዳኛው አይችልበትም። ወገኖቹን አስታርቁ፤ ልጆቹም እንዳይራቡ እርሻውን በደቦ እረሱላቸው። ሕግ ይህን አይከለክልም። ልጅቷም ካሳ ይገባታል፤ ግን ካሳው የዝምታዋ ዋጋ መሆን የለበትም። ቅጣቱን ለፍርድ ቤት ተዉለት። ክንዷን አያቃናም ያሉት እውነት ነው፤ ቅጣቱ ለሚቀጥለዋ ልጅ ነው። ሁለት ላም ሰጥቶ የሚወጣ ሰው ነገ ለሌላ ልጅ ሦስተኛ ላም ያዘጋጃል።»

«እንግዳው ተመልሶ እንዲህ አያደርግም። ወንድሙ ትዕዛዙ ምሎልኛል። ሽማግሌ ያሰባሰበ፣ ይህን ወረቀት ያጻፈ እርሱ ነው። እንዲያውም ጥሩ ልጅ ነው። የእኔን የልጅ ልጅ ዘቢደርን ትምህርት አቋርጣ ስትቀመጥ አይቶ፣ ሥራ እፈልግላታለሁ ብሎኛል።»

ሠርካለም ፊቷ ተለወጠ። «የት ነው ሥራው?»

«ዐረብ አገር ነው መሰል። እኔም ቢሳካልህ ደስ ይለኛል አልሁት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ አምስት አልፏታል።»

«ዛሬ እርስዎ ደባርቅ እንደሚሄዱ ትዕዛዙ ያውቃል?»

«እንዴታ። የተሳፈርሁበትን የከፈለ እርሱ ነው።»

ወጣቷ ስልኳን አውጥታ እንደገና ሞከረች። አሁንም አይሠራም። «አባቴ፣ እንደ ደረስን ቤት ይደውሉ» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ያልተናገረችው ነገር ከተናገረችው ሁሉ ይልቅ አቶ አለነን ወጋቸው። ከሚኒባሱ ወርደው በጭጋጉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ጀመር። ትዕዛዙ ለዘቢደር የሰጣት ስልክ ትዝ አላቸው። እርሳቸው በገቡ ጊዜ ንግግሩ የሚቋረጥበት ነገር ትዝ አላቸው። የእርሳቸው የልጅ ልጅ በእነ ትዕዛዙ እጅ ካለች፣ እርሳቸው ስለ እንግዳው አፋቸውን ለመክፈት የሚደፍሩበት ቀን እንደማይኖርም አሁን ታያቸው። ጅሉ እኔ ነኝ አሉ በልባቸው። መንገዱ እስኪከፈት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ።

ደባርቅ መግቢያ ላይ ስልኩ ሠራ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገርነሽ አነሡ። «ዘቢደርማ ሄደች» አሉ ያለ ሐሳብ። «ጠዋት አንተ እንደ ወጣህ ትዕዛዙ መጣ። ጎንደር ጉዳይ አለ፣ አያቷ ያውቃል ብሎ ወሰዳት። አታውቅም እንዴ?»

 አቶ አለነ ስልኩን ለሠርካለም ሰጧት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነበር፤ ለእርሳቸው ግን የማያልቅ መሰላቸው። ሠርካለም ቀጠሮዋን ትታ ፖሊስ ጣቢያ ይዛቸው ገባች። መርማሪው የልጅቷን መልክ፣ የለበሰችውን፣ የትዕዛዙን ቁመትና ጠባሳ ጠየቃቸው። ዘቢደር ጠዋት ምን እንደ ለበሰች ሲጠየቁ ሽማግሌው አላወቁትም፤ አፈሩ። አገርነሽ በስልክ ተናገሩላቸው። ስልክ ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወዲያ ወዳሉት ኬላዎች ተደወለ። አቶ አለነ ከጣቢያው ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ሠርካለም ምሳ አቀረበችላቸው፤ አልበሉም።

«መተማ ከደረሰች በኋላ ቢያገኟትስ?» አሏት አንድ ጊዜ። «ድንበር ተሻገርሽ ብለው እርሷን ያስሯታል?»

«አያስሯትም። የተበደለች ናት፤ ሕጉ በእርሷ ላይ አይዞርም። ይህን ስለማያውቁ ነው ብዙዎቹ ልጆች ከፖሊስ የሚሸሹት።»

ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን መርማሪው ወጣ። ከጎንደር ወዲያ ባለ ኬላ አንድ ሚኒባስ ተይዟል። ዘቢደር አለች። ከበየዳ የመጡ ሁለት ልጆችም አብረዋት ነበሩ፤ ታናሽቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትዕዛዙ ታስሯል።

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ቆዩ፤ ከዚያ ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በማግሥቱ ጠዋት በፍርድ ቤቱ ግቢ ገበያነሽን ከነልጇ አገኟት። ወረቀቱን አውጥተው ሰጧት። «ይህን በማስፈረሜ በድዬሻለሁ» አሏት።

ገበያነሽ ወረቀቱን አየችው፤ ማንበብ አትችልም። «እኔማ ያኔም ልጄን የሰጠሁ እርስዎ ታማኝ ነው ስላሉኝ ነው» አለች። «አሁንም የፈረምሁ እርስዎ ፈርሚ ስላሉኝ ነው። እንደ አባት ነበር የማይዎ።»

ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። አቶ አለነ ከዚያ በፊት በማንም ፊት እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ፍቅርአዲስ የጠመመ ክንዷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ነበር። እርሳቸውም ከዚያው ሳይቀመጡ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ ገቡ። «እኔም የማውቀው አለ፤ ልመስክር» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተጨማሪ ምስክር እንዲሆኑ ፍርድ ቤቱን ስለ ጠየቀ ለሌላ ቀን ተቀጠሩ። በዚያን ቀን እንግዳው እንዴት እንደ መጣ፣ ምን ብሎ እንዳሳመናቸው፣ ራሳቸውም እንዴት ዋስ እንደ ሆኑት ሳይሸሽጉ ተናገሩ። የክርስትና ልጃቸው ቀና ብሎ አላያቸውም።

ፍርዱ የተሰማው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ዳኛው የልጅቷን ዕድሜና በአካሏ የደረሰውን ጉዳት ማክበጃ አደረጉበት፤ እንግዳው ከዚህ በፊት ተከስሶ የማያውቅ መሆኑን ደግሞ ማቅለያ አደረጉለት። ዐሥራ ሦስት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት፤ መቀጮም ተጨመረበት። ፍቅርአዲስ የተዘጋባት የመተማው ቤት ባለቤትም ተቀጣ። የትዕዛዙ ክስ ለብቻው በሌላ መዝገብ ይታይ ነበር። የእንግዳው ሚስት በመተላለፊያው ላይ ስትወድቅ አቶ አለነ ደግፈው አነሧት። ደስ አላላቸውም።

ከቅዳሴ በኋላ ውሉ ላይ ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ የነበሩት ቄስ መልከ ጼዴቅ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ስር ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ «አለነ፣ የክርስትና ልጅህን አሳልፈህ ሰጠህ ይሉሃል» አሏቸው።

«ይበሉኝ፣ አባቴ። እኔ ስለ እርሱ የሰጠሁት ቃል አንዲትን ልጅ አካለ ጎዶሎ አድርጓል። ዝም ብል ኖሮ ደግሞ ሦስት ልጆች ይጨመሩ ነበር፤ አንዷ የእኔው። ሽምግልና ከፍርድ ጋር ጠብ የለውም። ወገኖቹ ከገበያነሽ ቤት ጋር እንዳይጣሉ ዛሬውኑ እናስምላቸው። የእንግዳውን እርሻ ደግሞ ተራ ገብተን እንረስ፤ ልጆቹ ምን አጠፉ? ግን ከእንግዲህ በሰው የነገደ ሰው ክሱ ይነሣለት ተብሎ ቢመጣ ማናችንም ጣታችንን አናኑር። ደላላ ሲቀጣ ሌላው ይፈራል። እናቶችም ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቃሉ፤ ልጆቹም ሲበደሉ የሚሰማቸው እንዳለ ያውቃሉ።»

 «እኔም ተታልዬ ፈርሜ ነበር» አሉ ቄሱ፤ መስቀላቸውንም አውጥተው የሁለቱን ቤት ወንዶች ያስምሉ ጀመር። በዚያ ክረምት የእንግዳው እርሻ ጦም አላደረም። የገበያነሽ ወንድም ሳይቀር ጥማዱን ይዞ መጥቶ ነበር።

አቶ አለነን የከበዳቸው ቤታቸው ነበር። ዘቢደር ሦስት ሳምንት አላናገረቻቸውም። ያዳኗት ሳይሆን ከመንገዷ ያስቀሯት ነው የመሰላት። አንድ ቀን ብቻ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «እዚህ ምን አለኝ?» አለቻቸው።

 አቶ አለነ ነገሩን ተሸክመው ሲያድሩ ሲውሉ ሰነበቱና ሠርካለም ዘንድ ሄዱ። እርሷም ፍቅርአዲስን ከሐኪም አገናኝታ፣ ክንዷ እንደገና እንዲታይ ጎንደር ልካት ነበር። ዘቢደርንና ፍቅርአዲስን አንድ ላይ ዳባት ትምህርት ቤት እንዲያስመዘግቧቸው መከረቻቸው። ዘቢደር እሺ ያለችው ፍቅርአዲስ መጥታ መተማ ላይ የሆነችውን፣ ለፍርድ ቤት እንኳ ያልተናገረችውን ጭምር፣ ለብቻዋ ካጫወተቻት በኋላ ነው። ምን እንደ ተባባሉ አቶ አለነ አልጠየቁም።

መስከረም ላይ ሁለቱ ልጃገረዶች የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው ወደ ዳባት ወረዱ። አቶ አለነ እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው። ባጃጅ መጣ። ሽማግሌው ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ሾፌሩን ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሚኖርበትን ቀበሌ ጠየቁት። ዘቢደር በኀፍረት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሾፌሩ ግን ሁሉንም አንድ በአንድ መለሰላቸው፤ እርሳቸውም አሰናብተዋቸው፣ ባጃጇ ከዐይን እስክትሰወር ከመንገዱ ዳር አልተነቃነቁም።